«ልክ»ና «ዝንፈት» ከጎንደር የልኬት ታሪክ አንጻር

በአማርኛ «ልክ» የሚለው ቃል ሁለት ሸክም ተሸክሟል። «የልብሱ ልክ» ስንል መጠንን፣ «ልክ ነህ» ስንል ደግሞ እውነተኛነትን እንገልጽበታለን። ይህ በገበያም ሆነ በሸንጎ ችግር አያስከትልም፤ የሳይንስ መማሪያ መጽሐፍ ለሚተረጉም ሰው ግን እንቅፋት ነው። እንቅፋቱን ጎንደር ላይ በተደረገ አንድ ልኬት ማሳየት ይቻላል።

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ጎንደር ገብቶ እስከ 1771 መጨረሻ በአገሩ ሲቆይ፣ ኳድራንት በተባለው የማዕዘን መለኪያ የፀሐይንና የከዋክብትን ከፍታ ደጋግሞ ተመልክቷል። ከዚህም ተነሥቶ የከተማይቱን ኬክሮስ 12 ዲግሪ ከ34 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ነው ሲል በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ አስፍሯል። የፋሲል ግንብ የሚገኘው ግን በ12 ዲግሪ ከ36 ደቂቃ ተኩል ግድም ነው። ልዩነቱ ሁለት ደቂቃ ያህል ሲሆን፣ በምድር ላይ ሲሰላ 3.7 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። የኬንትሮሱ ልዩነት ከዚህም ይሰፋል፤ ኬንትሮስን ለማወቅ የሁለት ስፍራዎችን ሰዓት ማነጻጸር ግድ ነበርና።

እንግዲህ ደጋግሞ መመልከትና እስከ ሰከንድ ወርዶ መመዝገብ አንድ ነገር ነው፤ ወደ እውነተኛው መጠን መቅረብ ሌላ ነው። መሣሪያው ራሱ ያዘነበለ እንደሆነ፣ መቶ ጊዜ መመልከት ዝንባሌውን አያቃናውም። ሁለቱንም «ልክነት» ብሎ የተረጎመ ሰው ይህን አሳብ በአማርኛ ሊጽፈው አይችልም። በመሆኑም ለፊተኛው «ጥንቅቅነት»፣ ለኋለኛው «ትክክለኝነት» የሚሉትን እንመርጣለን። «ትክክል» እኩል ማለት ስለ ሆነ፣ የተለካው ከእውነተኛው ጋር መተካከሉን ራሱ ቃሉ ይናገራል።

ልዩነቱን «ስሕተት» ማለትም አያረካንም፤ ተማሪው ለኪው ሰው አጥፍቷል ብሎ ይረዳዋል። የልኬት ልዩነት ግን ጠንቃቃውንም አይለቅም። ሕዝቡ «ዝንፍ ሳይል» ይላልና «ዝንፈት» ከዚሁ ይወጣል።

ከብሩስ በኋላ፣ በ1830ዎቹ መጨረሻ ጎንደር የደረሰው ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ ከአንዱ ጫፍ ሌላውን እያየ በቴዎዶላይት ማዕዘን ሲለካ ዓመታት አሳልፏል፤ ውጤቱም ከ1860 እስከ 1873 ታትሟል። ይኸው ቀያሽ በ1881 የአማርኛ መዝገበ ቃላት አሳተመ፤ ለእኛ ሙያ የሚያስደስት ግጥምጥም ነው። እንዲህ ያለው ቅየሳ የማይነቃነቅ መነሻ ይሻል። ለዚህ መነሻ «ትክል ነጥብ» የሚለውን እናቀርባለን፤ ቃሉን ከጎንደር በስተ ሰሜን ያለችው የላይ አርማጭሆዋ ትክል ድንጋይ በስሟ ይዛዋለች።