ምራቅን የመመለስ ታሪክ፦ ከጃቦራንዲ ቅጠል እስከ መቅኔ ንቅለ ተከላ



አስተዋይ ሰውን «ምራቁን የዋጠ» እንለዋለን። የሚዋጥ ምራቅ ሲጠፋስ? ጤነኛ አዋቂ ሰው በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ተኩል ገደማ ምራቅ ያመነጫል። ምራቅ ምግብን ያለሰልሳል፤ ጥርስን ከመበስበስ፣ አፍን ከኢንፌክሽን ይጠብቃል።

የብራዚል ነባር ሕዝቦች ጃቦራንዲ የተባለው ቅጠል ምራቅና ላብ እንደሚያበዛ ከጥንት ያውቁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1875 ሃርዲ በፈረንሳይ፣ ጄራርድ በእንግሊዝ፣ ለየብቻቸው ከቅጠሉ ፒሎካርፒንን ለይተው አወጡ። መድኃኒቱ ለረጅም ዘመን በይበልጥ የሚታወቀው ለዓይን ግፊት (ግላኮማ) ነበር። በ1994 ግን አሜሪካ በራስና አንገት የጨረር ሕክምና ምክንያት ለሚመጣ የአፍ ድርቀት ፈቀደችው።

በዚሁ መሐል ሌላ ሕክምና ተወልዷል። በ1957 አሜሪካዊው ዶ/ር ዶናል ቶማስ በሰው ላይ ያደረጉትን የመቅኔ ንቅለ ተከላ አሳወቁ፤ በ1990 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ሕክምናው ብዙ የደም ካንሰር ሕሙማንን አትርፏል። ነገር ግን ከንቅለ ተከላው በፊት የሚሰጠው ከባድ ኬሞቴራፒና ጨረር አፍን ያቆስላል። ቆይቶም የለጋሹ ሴሎች የታካሚውን የምራቅ ዕጢዎች ሊያጠቁ ይችላሉ። ያኔ እንጀራ እንኳ ያለ ውሃ አልወርድ ይላል።

ከአገራችን ለዚህ ሕክምና ወደ ህንድና ወደ ሌሎች አገሮች የሚሄዱ አሉ። ሕክምናው ሩቅ አገር ቢሰጥም የአፍ ድርቀቱ ከታካሚው ጋር እስከ አምደወርቅ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ቤት ውስጥ ምን እናድርግ?

• የወይራ መፋቂያ ስናኝክ ምራቅ ይመጣል፤ ዘዴው ትክክል ነው። ሆኖም ነጭ የደም ሴልና ፕላትሌት ዝቅ ባሉበት ወቅት ድድ ሊያደማና ጀርም ሊያስገባ ስለሚችል ለስላሳ ብሩሽ ይጠቀሙ።

• ቁስሉ ከዳነ በኋላ አዋቂዎችና ከፍ ያሉ ልጆች ስኳር የሌለው ማስቲካ ማኘክ ይችላሉ። ለሕፃናት ትን ሊል ስለሚችል አይስጡ።

• ውሃ ቶሎ ቶሎ በትንሽ በትንሹ ይጎንጩ። አፍ ቆስሎ ሳለ ሎሚና በርበሬ ያቃጥላሉ፤ ይተዉአቸው።

• ፒሎካርፒን በሐኪም ትእዛዝ ብቻ የሚወሰድ ነው። አስም፣ የልብ ወይም የዓይን ሕመም ካለብዎ አስቀድመው ይናገሩ።

ንቅለ ተከላ ወይም ኬሞቴራፒ የወሰደ ልጅዎ ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ ወይም መዋጥ ካቃተው ሳይነጋ ሳይመሽ በአቅራቢያዎ ወዳለ ሆስፒታል ይውሰዱት።

መልካም ጤንነት!