ከደረስጌ ግድግዳ እስከ ረቂቅ ሥዕል፦ የጥለትና የጠልሰም ቀለማት

በሰሜን ጎንደር ዞን ጃናሞራ ወረዳ የምትገኘው ደረስጌ ማርያም በታሪክ መጻሕፍት የምትነሣው በአንድ ክስተት ነው። ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ለራሳቸው ንግሥ ባሰቧት ቤተ ክርስቲያን፣ የካቲት 1847 ዓ.ም. ድል ያደረጓቸው ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተባሉ። የንግሡ ዝና የቤተ ክርስቲያኗን ሥዕሎች ጋርዷቸው ኖሯል።

በደጋው አገር ክብ አብያተ ክርስቲያናት የመቅደሱ ሥዕል አብዛኛውን ጊዜ በጥጥ ጨርቅ ላይ ተሥሎ በግድግዳው ላይ የሚለጠፍ ነው። እንግዲህ ሸማኔው ሠዓሊውን ይቀድመዋል ማለት ይቻላል። የጎንደር ዘመን ሸማኔዎች ደግሞ ከሐር የሠሩት መጋረጃ ራሱ ሥዕል ነበር፤ የሰው ምስልና ጌጥ በክር ብቻ ተቀርጾበታል። ከነዚህ አንዱ በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ከተወሰዱት ቅርሶች ጋር ሄዶ ዛሬ በለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል።

ረቂቅ ሥዕል፣ በተለምዶ አብስትራክት የሚባለው፣ በኢትዮጵያ ጎልቶ የታየው በ1950ዎቹ ነው። አለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን በአዲስ አበባ በ1950 ዓ.ም. ካቋቋሙ በኋላ፣ በጀርመን ኮሎኝ የተማረው ገብረ ክርስቶስ ደስታ እና ከፓሪስ የተመለሰው እስክንድር ቦጎሲያን አስተማሩበት። የሐረሩ ተወላጅ ገብረ ክርስቶስ ቅርጽን ትቶ ቀለምን ብቻ እንዲናገር ሲያደርግ “ይህ የፈረንጅ ነው” የሚል ትችት ገጥሞታል። ትችቱ ግን አንድ ነገር ዘንግቷል። የሸማ ጥለት ሰውም እንስሳም ሳይሥል በመስመርና በቀለም ብቻ ሲያምር ኖሯል፤ ሕዝቡም ጥለቱን “ጥበብ” ብሎ መጥራቱ ያለ ምክንያት አይመስልም።

የእስክንድር መልስ በሥራው ነበር። የደብተራን ጠልሰም፣ ዐይኖቹንና ሐረጎቹን፣ ከምዕራብ አፍሪካ ምስሎች ጋር አዋሐደ። ኋላም በአሜሪካ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር በፍየል ቆዳና በዛፍ ልጥ ላይ ሠራ። ክታብ በብራና እንደሚጻፍ ለሚያውቅ አንባቢ ምርጫው እንግዳ አይሆንም። ከተማሪዎቹ አንዱ ወሰኔ ወርቄ ቆስሮፍ የግዕዝን ፊደል እየበተነና እየገጣጠመ የረቂቅ ሥዕል መሠረት አድርጎታል።

ከሁሉ ይልቅ ወደ ሸማኔው የተጠጋው ዘሪሁን የትምጌታ ነው። ለሽመና ዕቃ የሚውለውን ቀጭን የቀርከሃ ስንጥቅ ጎን ለጎን ደርድሮ እንደ ሸራ ይሥልበታል። የክታብ ምልክቶች፣ ጭምብሎችና የጥለት መስመሮች በየስንጥቁ ተቆራርጠው ይወርዳሉ፤ ከርቀት ሲታዩ የተሸመነ ጨርቅ ይመስላሉ። በ1988 እ.አ.አ. የጠልሰምን ጥበብ መርምሮ የሠራው ሥዕል በ1992 እ.አ.አ. በዳካር ቢየናሌ ከፍተኛውን ሽልማት አስገኝቶለታል።

ሠዓሊዎቹ የቀዱበት ምንጭ ግን እየሳሳ ነው። ክታብ ለቱሪስት ይሸጣል፤ በጨርቅ ላይ የተሣለ የቤተ ክርስቲያን ሥዕልም ጣሪያ ባፈሰሰ ቁጥር ማጣበቂያው ይለቅና ከጠርዙ ይቀደዳል። በቅንነት የሚደረግ እድሳትም ጉዳት አለው፦ አሮጌው ጨርቅ ወርዶ በፋብሪካ ቀለም በደመቀ አዲስ ሥዕል ሲተካ፣ የጥንቱ ሠዓሊ ቀይና ቢጫውን እንዴት እንዳጋጠመ የሚያሳይ ማስረጃ አብሮ ይጠፋል።