ስግድ የምንወጣበት ኮረብታ

በየዓመቱ ሔሽቫን 29 ቀን፣ ከአስተሠርዮ በኋላ በ50ኛው ቀን፣ ከመላው ሀገሪቱ ተነሥተን ኢየሩሳሌም አርሞን ሀናጺብ እንሰበሰባለን። ቄሶቻችን በጥላ ሥር ሆነው ይጸልያሉ፤ ሽማግሌዎቻችን ፊታቸውን ወደ ቤተ መቅደሱ ተራራ ያዞራሉ። ይህን የቆምንበትን ቦታ ማን ሠራው? ለምንስ እንዲህ አድርጎ ሠራው? ብለን የምንጠይቅ ወጣቶች ግን ጥቂት ነን። የቦታው ታሪክ ደግሞ ከስግድ ታሪክ ጋር የሚገናኝበት ነገር አለው።

አርሞን ሀናጺብ የሚለው ስም የመጣው ከእንግሊዞች ዘመን ነው፤ የብሪታንያው ከፍተኛ ኮሚሽነር መኖሪያ ማለት ነው። መኖሪያውን የነደፈው ኦስተን ሃሪሰን የተባለ እንግሊዛዊ አርክቴክት ሲሆን ሥራው ያለቀው እ.ኤ.አ. በ1931 ነው። ከ1948 ወዲህ ሕንጻው የተባበሩት መንግሥታት ታዛቢዎች መቀመጫ ሆነ። እስከ 1967ቱ ጦርነት ድረስም አካባቢው በእስራኤልና በዮርዳኖስ መካከል ከጦር ነጻ የሆነ ቀጠና ነበር። ያ ሁሉ የሚያምር እይታ እያለ እንደ ልብ የሚመላለስበት ሰው አልነበረም ማለት ነው።

ዛሬ የምናውቀው ታየለት፣ ማለትም የእግር መንሸራሸሪያው፣ የተሠራው በ1980ዎቹ ነው። የሀስ ታየለት ይባላል። የነደፉት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አሜሪካዊው ሎውረንስ ሃልፕሪንና እስራኤላዊው ሽሎሞ አሮንሰን። ሃልፕሪን ሀገሩን በሩቁ የሚያውቅ እንግዳ አልነበረም። በ1930ዎቹ፣ ገና ዩኒቨርሲቲ ሳይገባ፣ እዚህ መጥቶ በኪቡጽ ኖሯል።

የሃልፕሪን አሠራር ለየት ይላል። ባለቤቱ አና ሃልፕሪን የታወቀች ዳንሰኛ ነበረች፤ እሱም ቦታን የሚያየው በሚንቀሳቀስ ሰው ዓይን ነበር። ሰው ሲራመድ ምን ያያል? ምን ይሰማል? የት ላይ ሊያርፍ ይፈልጋል? ይህንንም ልክ እንደ ሙዚቃ ኖታ በምልክት የሚጽፍበት ዘዴ በ1960ዎቹ ፈጠረ። በካሊፎርኒያ የባሕር ዳርቻ ሲ ራንች የተባለውን መንደር ሲያቅድም ትልቅ ቦታ የሰጠው ለነፋሱ ነው፤ ነፋሱ ከየት ይመጣል፣ ዛፎቹን ወዴት ያጎነብሳል እያለ አጠና። የቤቶቹም ጣሪያ ነፋሱን ሽቅብ እንዲያሳልፍ ተደርጎ ዘቅዘቅ አለ።

አርሞን ሀናጺብም ላይ ይኸው ሐሳብ ይታያል። እዚያ ግንብ ቆሞ «እዩኝ» አይልም። መንገዱ የኮረብታውን ጀርባ ተከትሎ ይሄዳል። ድንጋዩ እንግሊዞች ከ1918 ጀምሮ የከተማው ሕንጻዎች ሁሉ እንዲለብሱት ያዘዙት ያው የኢየሩሳሌም ድንጋይ ነው። በሰሜን በኩል ጥንታዊቷ ከተማ፣ በምሥራቅ የይሁዳ ምድረ በዳ ይታያል፤ በተራመድን ቁጥርም እይታው ይለወጣል። በኋላ አሮንሰን ወደ አቡ ቶር ሰፈር የሚወርደውን የሸሮቨር ታየለት በወይራ ዛፎች መካከል ሠርቶ ቀጠለበት።

እንግዲህ ይህን ከወላጆቻችን ስግድ ጋር እናስተያየው። ጎንደር አካባቢ፣ አምቦበር፣ ሕዝቡ ልብሱን አጥቦ፣ ጾሞ፣ ኦሪቱን ከያዙት ቄሶች ኋላ ተራራውን ይወጣ ነበር። ትሕትናውን ለማሳየት ድንጋይ ተሸክሞ የሚወጣም ነበር። ተራራው ላይ ጣሪያ ያለው አዳራሽ አልነበረም፤ ተራራው ራሱ የጸሎት ቤት ሆነ። የእግር ድካም፣ የሆድ ባዶነት፣ የከፍታው ነፋስ የጸሎቱ ክፍል ነበሩ እንጂ ችግሮች አልነበሩም። ሲወርዱ ደግሞ መዝሙሩና ምግቡ ይጠብቃቸዋል። ሃልፕሪን በኖታ ሊጽፈው የሞከረውን ነገር አያቶቻችን ሳይጽፉት በእግራቸው ያውቁት ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም።

አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። እነሱ ወደ ኢየሩሳሌም ዞረው ሲሰግዱ ከተማይቱን የሚያዩአት በልባቸው ብቻ ነበር። እኛ በዓይናችን እናያታለን። ይህን ታየለቱ ሰጥቶናል። ነገር ግን አንድ ነገር ቀርቶብናል፤ መውጣቱ። አውቶቡሱ አናቱ ላይ ያወርደናል፣ ድምፅ ማጉያው ይጮኻል፣ ንግግሩ ይጀመራል። ሳንወጣ ደረስን። ትንንሾቹ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ስግድ ማለት መድረክ፣ ሕዝብና ሰልፊ ቢመስላቸው ምን ይገርማል? በቃል የተነገራቸው ሁሉ እግራቸው አያውቀውም እኮ።

በ2008 ክኔሴት ስግድን የመንግሥት በዓል አድርጎ በሕግ ደነገገ። ሕጉ ቀኑን አስከብሮልናል፤ አቀበቱን ግን ማንም በሕግ ሊያወጣልን አይችልም፣ የእኛ ድርሻ ነው። ስለዚህ ለማኅበራችን አባላት የምናቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። በሚቀጥለው ስግድ እኛ ወጣቶች ማልደን አቡ ቶር እንውረድና በሸሮቨር ታየለት ሽቅብ በእግራችን እንውጣ። መጾም የሚችል ይጹም፤ ስልካችንን ኪሳችን ውስጥ እናድርግ። ጉልበት ያላቸው እናቶችና አባቶች አብረውን ይውጡ፣ በመንገድም የራሳቸውን ተራራ ይንገሩን። ያልቻሉት በአውቶቡስ ቀድመውን ይድረሱና አናቱ ላይ ይጠብቁን። ያን ጊዜ ቄሶቹ ጸሎቱን ሲጀምሩ የምንሰማቸው ከአቀበቱ ገና ትንፋሻችን ሳይመለስ፣ ነፋሱ ፊታችን ላይ እየነፈሰ፣ ከተማይቱም ከፊታችን ሆና ይሆናል።