በተርሚኒ ደጃፍ የቆመው ድንጋይ

ከሮም ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ወጥቶ ጥቂት የተራመደ ሰው በዛፎች መካከል የቆመ የግብፅ ሐውልት ያገኛል። ዳግማዊ ራምሴስ በሄሊዮፖሊስ አቁሞት ነበር፤ ሮማውያን ወስደው የኢሲስን ቤተ መቅደስ አስጌጡበት። እ.ኤ.አ. በ1887 ደግሞ የራስ አሉላ ጦር ዶጋሊ ላይ ለደመሰሳቸው 500 ያህል ጣሊያናውያን መታሰቢያ ሆነ፤ ስማቸው ከግርጌው ተቀርጿል፤ የጣቢያው አደባባይም በቁጥራቸው «የአምስት መቶዎቹ» ተባለ። ቅኝ ገዢ መሬት ብቻ አይወስድም፤ የሌላውን ሕዝብ የአምልኮና የክብር ምልክት ነጥቆ የራሱ ጌጥ ያደርጋል። ከአዲስ አበባ የተዘረፈው የይሁዳ አንበሳ እዚሁ ሐውልት ሥር መቀመጡ፣ ኤርትራዊው ዘርዓይ ደረስም በ1938 በጣሊያናውያን ላይ ሰይፉን የመዘዘው እዚሁ መሆኑ በአጋጣሚ አይደለም።

«ይህ የመንግሥት ሥራ ነው፤ ሃይማኖት ምን አገባው?» የሚል ይኖራል። እርግጥ ያቺው ሮም ለኢትዮጵያውያን መነኮሳት የቅዱስ እስጢፋኖስን ገዳም ሰጥታለች፤ የግእዝ መዝሙረ ዳዊትም በ1513 የታተመው በእርሷ ነው። ነገር ግን በ1935 የሚላኖው ካርዲናል ሹስተር የጣሊያንን ወረራ መስቀልን ወደ ኢትዮጵያ የሚያደርስ ዘመቻ አድርገው አወደሱት፤ ያውም በ4ኛው ክፍለ ዘመን ክርስትናን ለተቀበለች አገር! በሁለተኛው ዓመት የግራዚያኒ ጦር የደብረ ሊባኖስን መነኮሳት ረሸነ። አንበሳው ተመልሷል፤ እንዲሁ ተወስዶ የነበረው የአክሱም ሐውልትም እ.ኤ.አ. በ2005 አገሩ ገብቷል። የተርሚኒ አደባባይ ስም ግን ዛሬም ያው ነው።