እጅና ዐይን የተናገሩት

ሰው ከባልንጀራው ጋር የሚነጋገረው በአንደበቱ ብቻ አለመሆኑን ቋንቋችን ራሱ ይመሰክራል። ሰላምታ አቀረበ ለማለት «እጅ ነሣ» እንላለን፤ በታላቅ ሰው ፊት ኩታውን ከትከሻው አውርዶ ወገቡ ላይ ያሰረውን «አደገደገ» እንለዋለን፤ ጉዳዩን ለማስፈጸም ከሹም ደጃፍ ቆሞ የከረመውን ደግሞ «ደጅ ጠና» እንላለን። ሦስቱም አስቀድመው የአካል ሥራ ነበሩ፤ ቃል የሆኑት በኋላ ነው።

ይህ የአካል ንግግር በታሪካችን ውስጥ ከመንግሥት ጉዳይ እስከ መግባት ደርሷል። በመጋቢት 1870 ዓ.ም. ንጉሥ ምኒልክ ለዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ሲገቡ፣ ልቼ ላይ ድንጋይ በአንገታቸው ተሸክመው ቀረቡ። ስለ ዕርቁ በአማላጆች በኩል ብዙ ቃል ተመላልሶ ነበር፤ ነገር ግን ሠራዊቱ ሁሉ በዐይኑ አይቶ የተረዳው ድንጋዩን ነው። ከ16 ዓመት በኋላ፣ በ1886 ዓ.ም.፣ የዐፄ ዮሐንስ ልጅ ራስ መንገሻ በተራቸው ድንጋይ ተሸክመው አዲስ አበባ ላይ በዐፄ ምኒልክ ፊት ቀረቡ። ተራው ሕዝብም የራሱ ምልክት ነበረው። በቀድሞው ዳኝነት ከሳሽና ተከሳሽ የልብሳቸው ጫፍ ተቋጥሮ በቁራኛ ሲሄዱ፣ በመንገድ ያገኛቸው ሁሉ ሳይጠይቅ ሙግተኞች መሆናቸውን ያውቅ ነበር። ዛሬም ነጠላዋን አዘቅዝቃ የለበሰችውን ሴት ማን ሞተብሽ ብለን እንጠይቃታለን እንጂ ኀዘንተኛ ነሽ ወይ አንላትም።

ወደ ደቡብ ምዕራብ ስንወርድ ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። በ1889 ዓ.ም. በራስ ወልደ ጊዮርጊስ የተመራው ዘመቻ በከፋ ላይ ከተደረገ ወዲህ፣ ወደዚያ የወረደው ሹምና ወታደር ከቤንች፣ ከሸኮና ከሜኢኒት ሰው ጋር ሲገናኝ የጋራ ቃል አልነበረውም። አስተርጓሚ በሌለበት ስፍራ እጅና ፊት የቃልን ሥራ ሳይሠሩ አልቀሩም። በእኛ ግምት የሌላውን ምልክት ለመማር ይበልጥ የተገደደው ተገዢው ነው።

የቤንች ቋንቋ ለመጤ ጆሮ እጅግ ይከብዳል። ስድስት የድምፅ ቃና ስላለው፣ አንዱ ቃል በቃናው መለወጥ ብቻ ሌላ ነገር ይሆናል። ከዚህም የተነሣ ተናጋሪዎቹ ቃናውን ብቻ ይዘው በፉጨት ይነጋገሩበታል፤ አንዳንዱ በከንፈሩ፣ አንዳንዱ ሁለት መዳፉን ገጥሞ በመካከሉ ባዶ ስፍራ በመተው ያፏጫል። ፉጨት ሥራ ፈትነት ነው ተብለን ላደግን ለእኛ ይህ ትልቅ ትምህርት ነበር።

በሚዛን ተፈሪ አካባቢ በመምህርነት ሳለን ያደረግነውን አንሸሽግም። አንድ ቀን ጠመኔ ጠፍቶ አንዱን ተማሪ ብንጠይቀው ዐይኑን ከመሬት አላነሣም፤ መልስም አልሰጠም። የጥፋተኛ ፊት ነው ብለን ከክፍል አስወጣነው። በማግሥቱ አባቱ መጡ። አልተቆጡም። ወንበር ብንሰጣቸውም አልተቀመጡም፤ ልጃቸውን ከጎናቸው አቁመው፣ እርሳቸውም እንደ እርሱ ዐይናቸውን ወደ መሬት ጥለው በዝምታ ቆሙ። ሽማግሌው ጠመኔ አልሰረቁም። ሁለቱን አስተያይተን አፈርን፤ ልጁንም ወደ ክፍሉ መለስነው።

ከዚያ በኋላ በቤታቸው ተጋብዘን፣ ከቡና ቅጠልና ከቅመም የሚፈላውን ጨሞ አቀረቡልን። ቀኝ እጃቸው ጽዋውን ሲዘረጋ ግራው ክርናቸውን ደግፎ ነበር። ይህንስ ያለ አስተርጓሚ አወቅነው። ጠመኔውም በሳምንቱ ከጥቁር ሰሌዳው ጀርባ ተገኘ።