የአሥራ አንዱ ከተሞች ጉዞ በፍሪስላንድ

ፍሪስላንድ በሰሜን ኔዘርላንድ የሚገኝ፣ ሐይቅና ቦይ የበዛበት ረባዳ አገር ነው። መንገዱ ጭቃ በነበረበት ዘመን ሰዉ የሚገናኘው በጀልባ ነበር። የብርድ ወራት ገብቶ ውርጩ ሲበረታ ግን ውሃው ራሱ መንገድ ይሆናል። ከእንጨት ተሠርቶ የብረት ስለት የተገጠመለትን መንሸራተቻ ከጫማው ሥር በጠፍር ያሰረ ገበሬ፣ በእግሩ ግማሽ ቀን የሚፈጅበትን የገበያ መንገድ በአጭር ጊዜ ይጨርሰዋል። የከተማ መብት ያላቸውን የአውራጃውን 11 ከተሞች በአንድ ቀን ማዳረስ የጉብዝና መለኪያ የሆነውም ከዚህ ኑሮ ተነሥቶ ነው። ልማዱ በ18ኛው መቶ ዘመን ጽሑፎች ውስጥ ተወስቷል።

ልማዱን ወደ ውድድር ለመለወጥ የገፋፋው ስፖርት አፍቃሪው ፒም ሙሊር ነው። እርሱ ራሱ በ1890 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዙሩን አጠናቆ ነበር። የመጀመሪያው ይፋዊ ውድድር በጃንዋሪ 1909 ተካሄደ፤ ሚነ ሁክስትራ አሸነፈ። ጉዞውን እስከ ዛሬ የሚመራው ማኅበርም በዚያው ወር ተቋቋመ።

ዙሩ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ተጓዦች ገና ሳይነጋ ከሊዋርደን ተነሥተው በስኔክና በስሎተን በኩል ወደ ደቡብ ይወርዳሉ፤ ከስታቮረን ወደ ሰሜን እስከ ሃርሊንገን ከወጡ በኋላ በፍራነከርና በዶክም አድርገው ይመለሳሉ። በየከተማው ካርዳቸው ላይ ማኅተም ያስመታሉ። ከእኩለ ሌሊት በፊት የደረሰ ሁሉ ትንሽ የመስቀል ሜዳሊያ ይሸለማል። የጉዞው ክብር ያለው እዚህ ላይ ነው፤ በሺህ የሚቆጠረው ተሳታፊ የሚወጣው ዙሩን ለመጨረስ እንጂ ለማሸነፍ አይደለም።

ጉዞው እንዲካሄድ በረዶው በመንገዱ ሁሉ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር መወፈር አለበት። መስመሩን ተከፋፍለው የሚጠብቁ 22 የአካባቢ ኃላፊዎች በረዶውን እየበሱ ይለካሉ። ችግር የሚፈጥሩት ውሃው ቶሎ የማይረጋባቸው የድልድይ ሥሮች ናቸው። እዚያ ሲደርስ ተጓዡ መንሸራተቻውን ሳያወልቅ ወደ ዳር ይወጣና፣ ስለቱ እንዳይዶለዱም በተነጠፈለት ምንጣፍ ላይ በእግሩ ይሻገራል። በ1997 ከሌላ ቦታ የተቆረጠ በረዶ አምጥቶ ክፍተቱን የመድፈን ዘዴም ተሞክሯል።

ብርዱ ዋጋ ያስከፍላል። የ1929 አሸናፊ ካርስት ሌምቡርግ በውርጭ የተበላ የእግር ጣቱ ተቆርጧል። ከሁሉ የከፋው ግን የ1963 ጉዞ ነው። በዚያ ቀን ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ደርሶ ነበር፤ ነፋሱ የሚያግበሰብሰው አመዳይ የበረዶውን ስንጥቅ ስለሸፈነው ሰዉ በየቦታው ይወድቅ ነበር። ሬይኒየር ፓፒንግ የመጨረሻውን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻውን ተጉዞ በ10 ሰዓት ከ59 ደቂቃ አሸነፈ። ከተነሡት ወደ 10,000 ከሚጠጉ ሰዎች የጨረሱት ግን ከመቶ ሁለት እንኳ አይሞሉም። በዚያ ቀን መጨረስ ማሸነፍን የሚያህል ገድል ነው።

ከዚያ በኋላ 22 ዓመት ሙሉ በቂ በረዶ አልተገኘም። በ1985 ጉዞው ሲመለስ ኤቨርት ቫን ቤንተም አሸነፈ፤ በማግስቱ ዓመትም ደገመው። ዛሬ ንጉሥ የሆነው ልዑል ቪለም አሌክሳንደር በ1986 በሌላ ስም ተመዝግቦ ዙሩን ጨርሷል። በ1997 ገበሬው ሄንክ አንገነንት በ6 ሰዓት ከ49 ደቂቃ ቀዳሚ ሆነ። ይህ 15ኛውና እስካሁን የመጨረሻው ነው። በ2012 አገሩ ሁሉ በጉጉት ተነሣሥቶ ሳለ በደቡብ በኩል በረዶው ስስ ሆኖ በመገኘቱ ጉዞው ቀረ።

የአየር ንብረቱ እየሞቀ በመሄዱ በረዶውን 15 ሴንቲ ሜትር የሚያወፍር ውርጭ ብርቅ ሆኗል። የረጅም ርቀት ፍቅር ያልለቀቃቸው ኔዘርላንዳውያን ከ1989 ጀምሮ በየዓመቱ ወደ ኦስትሪያ ተጉዘው፣ በተራሮች መካከል በሚገኘው በቫይሰንዜ ሐይቅ ላይ ያንኑ 200 ኪሎ ሜትር እየዞሩ ይሸፍናሉ። የፍሪስላንዱ ማኅበርም አልተበተነም፤ ኃላፊዎቹ ውርጭ በመጣ ቁጥር መስመራቸውን ይለካሉ።