ተገበያይ ማኅበረ ንዋይ፤ ኵላዊና ሀገራዊ

በባሕር ማዶ የሚኖሩ ወገኖቻችን ስለ ቁጠባቸው ሲነጋገሩ «ኢ.ቲ.ኤፍ.» እያሉ የሚጠሩት ነገር፣ በሀገራችንም የሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ማብራሪያ የሚሻው ጉዳይ፣ በአማርኛ የጸና ስም ገና ስላላገኘ «ተገበያይ ማኅበረ ንዋይ» ብንለው ከግብሩ ጋር የሚስማማ ይመስለኛል፤ ማኅበረ ንዋይ የሚያሰኘው የብዙዎች ገንዘብ በአንድነት ተከማችቶ የብዙ ኩባንያዎች አክሲዮን ስለሚገዛበት፣ ተገበያይ የሚያሰኘውም የማኅበሩ ድርሻ ራሱ እንደ ማናቸውም አክሲዮን ገበያው ክፍት በሆነበት ሰዓት ሁሉ ስለሚሸጥና ስለሚገዛ ነው። የድርሻው ዋጋ በውስጡ ካሉት አክሲዮኖች ዋጋ ከፍ ሲል ታላላቅ ነጋዴዎች አክሲዮኖቹን ገዝተው ለማኅበሩ እያስረከቡ አዲስ ድርሻ ያስወጣሉ፣ ዝቅ ሲልም ድርሻውን መልሰው አክሲዮኖቹን ይረከባሉና ሁለቱ ዋጋዎች እምብዛም አይራራቁም።

የመላውን ዓለም አክሲዮን የሚይዘውን ዓይነት፣ ሊቃውንቱ ቤተ ክርስቲያንን ቅድስት፣ ኵላዊትና ሐዋርያዊት በሚሉበት ቃል «ኵላዊ» እንበለው። ኵላዊነቱ ግን በልግስና የተነገረ ነው፤ በዚህ ዘርፍ እጅግ የታወቀው መለኪያ 47 ሀገሮችን ሲያካትት ከአፍሪካ ግብፅንና ደቡብ አፍሪካን ብቻ ይዟል፣ ከጠቅላላው ዋጋም ስድስት አሥረኛ ያህሉ የአሜሪካ ኩባንያዎች ነው፣ ኢትዮጵያም ከውስጡ የለችም። «ሀገራዊ» የምንለው ደግሞ የአንዲት ሀገርን አክሲዮን ብቻ የሚይዘው ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1996 ለ17 ሀገሮች በአንድ ጊዜ በኒው ዮርክ ከቀረበ ወዲህ ተስፋፍቷል።

የሀገራዊው ፈተና በግብፅ በጉልህ ታየ። እ.ኤ.አ. በ2011 የካይሮ ገበያ በሕዝባዊው ዐመፅ ምክንያት ከጃንዋሪ መጨረሻ እስከ ማርች 23 ተዘግቶ ሲቆይ፣ የግብፅን አክሲዮኖች የያዘው ማኅበር ድርሻ በኒው ዮርክ መሸጡን አላቋረጠም፤ ይሁን እንጂ አክሲዮኖቹን ገዝቶ ማስረከብ ስላልተቻለ ዋጋን ከዋጋ ጋር የሚያስታርቀው መንገድ ተዘጋ፣ ገዢውም የሚከፍለው ለንብረቱ ሳይሆን ለግምቱ ሆነ። የሩስያው እ.ኤ.አ. በ2022 ከዚህ ይከፋል፤ በጦርነት ምክንያት ድርሻው ራሱ ከገበያ ታግዶ ባለድርሻው መሸጥ አልቻለም። ጃፓንም ጦርነትና ዐመፅ ሳያገኛት የኒኬይ መለኪያዋ እ.ኤ.አ. በ1989 መጨረሻ የደረሰበትን ከፍታ ዳግመኛ ለማለፍ እስከ 2024 ድረስ 34 ዓመት ጠብቃለች።

አሁን ወደ ሀገራችን፣ ወደ አዲስ አበባው ጉለሌ እንመለስ። በሽሮ ሜዳ ጥበብና ሸማ የሚሸጥ ነጋዴ፣ የኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በቴሌብር ለሽያጭ ሲቀርብ፣ የተፈቀደውን ትንሹን መጠን 33 አክሲዮን፣ አንዱን በ300 ብር ሒሳብ፣ በ9,900 ብር ገዝቶ ይሆናል፤ ይህ ሰው ሱቁም፣ ቤቱም፣ የባንክ ተቀማጩም፣ አክሲዮኑም በአንዲት ሀገርና በአንድ ብር ላይ የቆመ ስለሆነ፣ ሳያውቀው ፍጹም የሆነ ሀገራዊ ማኅበረ ንዋይ ባለቤት ነው፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅም ከአክሲዮኑ በቀር ያኔ የነበረው ሁሉ በአንድ ቀን ተነክቶበታል። ለእርሱ የሚበጀው ኵላዊው ነበር፤ ዳሩ ግን ያለ ብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ገንዘቡን አውጥቶ የውጭ ሰነድ መግዛት አይችልምና፣ መድኃኒቱ የተከለከለው በጣም ለሚያስፈልገው ሰው ሆነ።

በጉለሌ ተወልዶ በዋሽንግተን የሚሠራው ወንድሙ ግን ሁለቱም በር ተከፍቶለታል። በእኔ አስተያየት የዕድሜውን ቁጠባ በኵላዊው ላይ ቢያኖር፣ ስለ አንዲት ሀገር ጠለቅ ያለ ዕውቀት ካለውም ቢጠፋ የማይጎዳውን ያህል ብቻ ለሀገራዊው ቢመድብ ይሻለዋል፤ የሀገራዊው አስተዳደር ክፍያ እንደ ልማዱ ከኵላዊው እንደሚበልጥም መዘንጋት አይገባውም።

የኢትዮጵያን አክሲዮን የሚይዝ ሀገራዊ ማኅበር ለማቋቋም ጊዜው ገና ይመስለኛል። በአዋጅ ቁጥር 1248/2013 መሠረት በተቋቋመው ገበያ በመጀመሪያ የተመዘገበው ወጋገን ባንክ ነበር፣ ከእርሱ ቀጥሎ የመጣው ገዳ ባንክ ነው፤ በእነዚህ ላይ የሚቆም ማኅበር የኢትዮጵያን ስም ቢይዝም የባንኮች ማኅበር ይሆናል እንጂ፣ ቡናችንም ሆነ አየር መንገዳችን በውስጡ አይገኝም።